አናቴ ላይ ካልሲ ተሸክሜ ዞርኩ!

ስሜ ይቆየኝ። ሰፈሬን ግን አልደብቅም፤ የአቃቂ ልጅ ነኝ። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ፈትል ክፍል ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅር ክህደት ወይም ስለ ባልና ሚስት ጭቅጭቅ አይደለም፤ ስለ ፀጉር ነው። «ደግሞ ለፀጉር!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ። በዚሁ በፀጉር ጦስ ከምወደው ልጅ ጋር ልቆራረጥ፣ ራሴንም በገዛ እጄ ራሰ በራ ላደርግ ደርሼ ነበርና እስቲ ስሙኝ።

ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰው የሚለየኝ በፀጉሬ ነው። መልኬ እንደ ነገሩ ነው፤ ቁመቴም አያስደነግጥም። ፀጉሬ ግን ዞማ ባይሆንም ጥቅጥቅ ያለ፣ ማበጠሪያ የሚሰብር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራኝ ክንዷ ይዝል ነበር። ሰፈር ውስጥ «ያቺ ፀጉራሟ» ከተባለ ሌላ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ። ያ ልጅም (አሁን እጮኛዬ ነው) መጀመሪያ ያየኝ ከኋላዬ ነው። ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ፀጉሬ አናቴ ላይ ታስሮ እንደ ፈረስ ጭራ ጀርባዬ ላይ ተለቆ ነበር። «ፊትሽን ሳላይ ነው የወደድኩሽ» ይለኛል። ያኔ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ይቺው ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

መቼም በኛ ሀገር ፀጉር ቀላል ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስን በሹሩባቸው የማያስታውስ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቆርጦ እንግሊዝ የተወሰደው ፀጉር ስንት ደጅ ተጠንቶ፣ ለንደን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው በ2019 ነው። እንግዲህ ለንጉሥ እንዲህ ከሆነ፣ ለኔ ለምስኪኗ እንዴት ይሁን?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ታይፎይድ ያዘኝ። ትኩሳቱ አንሥቶ ሲያፈርጠኝ ሰነበተ። መድኃኒቴን ጨርሼ ዳንኩ፣ ሥራዬ ገባሁ፣ ረሳሁት። ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲሆን ግን ጉድ ፈላ! ማበጠሪያዬን ስመልሰው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይዞ መጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ትራሴ ላይ ፀጉር፣ ልብሴ ላይ ፀጉር፣ አንድ ቀን እንደውም እጮኛዬ ሽሮው ውስጥ አገኘና በፍቅር ዓይን አልፎ በላው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ዓይን ነው!» አለች። ሌላዋ ለጋ ቅቤ አዘዘችልኝ። ቅቤውን ተለቅልቄ ሳምንት ተቀመጥኩ፤ ፀጉሬ መርገፉን ቀጠለ፣ ትራሴ ብቻ ወዛ። ነገሩ ዓይንም ቡዳም እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ለካ ራሳችን ላይ ካለው ፀጉር አብዛኛው በማደግ ላይ ሆኖ ጥቂቱ ደግሞ ዕረፍት ላይ ነው። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ከባድ ሐዘን ሲመጣ ብዙው ፀጉር ባንድ ጊዜ ዕረፍት ይወጣል፤ ከዚያም ወዲያው ሳይሆን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ተያይዞ ይረግፋል። ለዚህ ነው ሰው በሽታውን ከረሳ በኋላ ፀጉሩ የሚከዳው። በጤና ቀንም ቢሆን ከሃምሳ እስከ መቶ ፀጉር መርገፉ ያለ ነው። የኔ ግን ከመቶም ያለፈ ይመስለኛል። ቆጥሬ ግን አልጨረስኩትም፤ እንባዬ ቀደመኝ።

አሳዛኙ ነገር ይኼ ዓይነቱ መርገፍ ብተወው ኖሮ በራሱ ጊዜ የሚቆም ነበር። እኔ ግን መች ተውኩት! የፈረስ ጭራዬ የአይጥ ጭራ ሆኖ «ፊትሽን ሳላይ ነው የወደድኩሽ» የሚል ሰው ከኋላዬ እየሄደ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ቦርሳዬን ይዤ መርካቶ ወረድኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ገመዱ ሲሳብ የሚጠብቀውን ተቀጥላ ጭራ ነው። ሻጩ «የኔ እናት፣ ንጹሕ ሂውማን ሄር ናት! እንደራስሽ ፀጉር ቁጠሪያት!» ብሎ ማለልኝ። የወር ደመወዜን ግማሽ ቆጥሬ ሰጠሁት። ካሸር ነኝ፤ የሰው ብር ስቆጥር እጄ አይንቀጠቀጥም፣ የራሴን ስቆጥር ግን ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጸጉር ቤት ወስጄ «አስተካክይልኝ» አልኳት። ልጅቷ በጋለ ፔስትራ ያዝ ስታደርገው ጫፉ ጭስስ ብሎ እንደ ማስቲካ ተጣበቀ! ቤቱ በሙሉ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ።

እህቶቼ፣ ይህችን ያዙልኝ። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር ለምኑና በክብሪት አቃጥሉት። የሰው ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ላባ ይሸታል፣ ሲቀዘቅዝ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ጠንከር ያለች ነገር ትቀራለች። ሻጩ «አይቻልም» ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሰው ሠራሹን እየሰደብኩ አይደለም። ካኔካሎን የሚባለውን ክር አንድ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ካወጣው ወዲህ ስንቷ ሴት ተሹርባበታለች! ይቀላል፣ ይረክሳል። በሂውማን ሄር ዋጋ ሲሸጥ ነው ኃጢአቱ።

ጫፉን አስቆርጬ ያንኑ ጭራ አደረግኩት። ሦስት ቀን አማረብኝ። ችግሩ ተቀጥላው ከራሴ ፀጉር ይከብዳል፤ የሚይዘው ነገር ደግሞ ስስ ነው። በአራተኛው ቀን ማታ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ስወርድ ገመዱ ወንበሩ ላይ በወጣች ሽቦ ተያዘ። እኔ ወረድኩ፣ ጭራው ቀረ! ረዳቱ እንደ ዶሮ በጫፉ አንጠልጥሎ «እህት! እህት! ዕቃሽን ረስተሻል!» ይለኛል። ፊት ወንበር የተቀመጡ እናት «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ተሳፋሪው ይስቃል። ምን ብል ጥሩ ነው? «የኔ አይደለም!» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። የግማሽ ወር ደመወዜ በታክሲ ሄደ፤ ዛሬ ማን አናት ላይ እንዳለ እንጃ።

ከዚያ በኋላ በርካሹ መጣሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከርካሾቹ ውስጥ የሚሠራ አለ። አንዱ እንደውም ምንም አይገዛበትም። ፀጉርን ከጆሮ እስከ ጆሮ ለሁለት ከፍሎ፣ የላይኛውን ለብቻ ማሰር፣ የታችኛውን ደግሞ ልክ ከሥሩ ለብቻ ማሰር ነው። የላዩ ወርዶ የታቹን ሲሸፍነው ከኋላ የሚታየው አንድ ረጅም፣ ወፍራም ጭራ ነው። ሁለተኛው፣ ከጭራው ሥር ትንሽ ጥርሳም መቆንጠጫ መደበቅ ነው፤ ጭራው ከአንገት ላይ ተነሥቶ ይቆማል፣ ያልነበረ ሙላት ይመጣል። ሙዝ የሚመስለው ረጅሙ መቆንጠጫም መጥፎ አይደለም፤ ፀጉርን በአንድ ነጥብ ከመቋጠር ይልቅ ከአናት እስከ ማጅራት ዘርግቶ ይይዘዋል። ለኔ ግን አንሸራተተኝ፤ ለሱም ቢሆን የሚነክሰው ሥጋ ያስፈልገዋላ!

ወደ ጥቅልሉ እንሂድ፤ የዛሬ ልጆች «ቡን» የሚሉት (ቡና እንዳይመስላችሁ)። ለሱ «ዶናት» የሚባል መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ስፖንጅ አለ። ፀጉርን አስረው ጭራውን በቀዳዳው ያወጡና ፀጉሩን ዙሪያውን አልብሰው ይጠቀልሉታል። እኔ በስግብግብነቴ ትልቁን ገዛሁ። ትልቅ ዶናት ብዙ ፀጉር ይፈልጋል፤ የኔ ፀጉር ግማሹን አልብሶ አለቀ። ስፖንጁ ከኋላ ብቅ ብሎ ሲስቅ የሥራ ባልደረባዬ ናት ያየችልኝ። ስስ ፀጉር ያላችሁ ትንሹን፣ ደግሞ ከፀጉራችሁ ቀለም ጋር የሚመሳሰለውን ውሰዱ።

ይህቺው ባልደረባዬ ናት ካልሲውን ያስተማረችኝ። ንጹሕ ጥቁር ካልሲ ታመጣላችሁ፣ የጣቶቹን በኩል ትቆርጡታላችሁ፣ እንደ ቀለበት ወደ ውጭ ጠቅልላችሁ ዶናት ታደርጉታላችሁ። ፀጉሩን ለቀቅ አድርጋችሁ ታስራላችሁ፣ ካልሲውን ታጠልቃላችሁ፣ ፀጉሩን እንደ ጃንጥላ ዙሪያውን ትበትኑና ጫፉን ከካልሲው ሥር ትከታላችሁ። መጠኑ በእጃችሁ ነው፤ ፀጉራችሁ ካነሰ ከካልሲው ትቀንሳላችሁ። ካልሲ ለስለስ ስለሚል ፀጉር ይይዛል፣ እንደ ስፖንጁ አያደርቅም። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። ያቺ ፀጉራሟ ተመለሰች! እናቴ ብቻ «የዚህ ካልሲ አንዱን እግር የት አደረስሽው?» እያለች ቁም ሣጥን ስታተራምስ ከረመች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

የአቃቂን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንሥቶ ሲመጣ ካልሲዬ አናቴ ላይ ይንቀጠቀጣል። የታክሲው ውርደት ደግሞ አልለቀቀኝም። እናም ማጥበቅ ጀመርኩ። ሱቃችን ውስጥ ብር የምናስርበትን ላስቲክ ሦስት አራት ጊዜ እጠመጥማለሁ፣ በጄል ግንባሬን ለጥጬ እስበዋለሁ፤ ቅንድቤ ሁሉ ወደ ላይ ሄዶ ሁልጊዜ የደነገጥኩ እመስል ነበር። ከንጋት 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰፈር ደግሞ ጄል ታጥቦ አያልቅም፤ የውሃው ተራ እስኪደርስ እንደታሰረ እተኛበታለሁ። (የአዲስ አበባን ስንት ሰፈር የሚያጠጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች እየተሳበ እኛ ጀሪካን እንደምንደረድር ማን ይወቅልን?)

አምስት ወር ሄደ። ማታ ማታ ስፈታው የራሴ ቆዳ ያመኛል፤ እንደ ቁስል ነው፣ አይነካም። በጆሮዬ በላይ ጥቃቅን ብጉር ወጣ። «የጄሉ ነው» ብዬ ጄል ቀየርኩ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ፎቶ ተነሥተን እያየን «አንቺ፣ ግንባርሽ ሰፋ አይደል?» አለችኝ። ከመኝታ ቤቴ መስታወት ፊት ሄድኩ። ግራና ቀኝ፣ ከቅንድቤ ጫፍ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ፀጉር የለም። ታይፎይዱ ከመላው ራሴ ላይ ነበር ያሳሳው፤ ይኼ ግን ሌላ ነው፣ የተላጨ ይመስላል።

በቤትም ነገር ተበላሸ። እጮኛዬ እንደ ልማዱ ፀጉሬን ሊዳብስ እጁን ሲሰድ ቀልቤ ይገፈፋል፤ በጥፊ መልክ እጁን እመታለሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሳቀ። በሦስተኛው «ምን ደብቀሽኝ ነው? ሌላ ሰው አለ?» አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ነበር፤ «እስቲ ይቆይ» አለ። «ካልሲ ነው» ማለት አቅቶኝ «እንደፈለግክ!» ብዬው ተለያየን። አያችሁ ሞኝነቴን? ልጁ በወንድ ጠርጥሮኝ ሲሄድ እኔ ስለ ካልሲ ዝም አልኩ።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ለቆዳና ለፀጉር ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚጠራው አለርትን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቁሞ የቆዳ ሕክምና ማዕከል የሆነው ሆስፒታል። ሐኪሟ ፀጉሬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «ሁለት ነገር ነው ያለሽ» አለችኝ። የታይፎይዱ መርገፍ ቆሟል፤ እንዲያውም አናቴ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር እየበቀለ ነው። የግንባሬ ዳር ግን በመሳብ የመጣ ነው። ስሙ «ትራክሽን አሎፔሺያ» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪሞች የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፣ ግሪንላንድ ውስጥ፤ እዚያ በረዶ አገር ያሉ ሴቶች ፀጉራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው ሲያስሩ ኖረው ግንባራቸው ሸሽቶ። ከግሪንላንድ አቃቂ! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

የነገረችኝን እንደሰማሁት ልንገራችሁ። መሳቡ በጊዜ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከተሳበ ግን የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ ቅቤም ቅባትም አይመልሰውም። ሕመሙ፣ ብጉሩ፣ ዳር ዳሩ ላይ የሚሰባበረው ፀጉር ማስጠንቀቂያ ነው። ፀጉር ሲታሰር የሚያም ከሆነ ጠብቋል፣ አለቀ። ስስ ሹሩባም፣ ከባድ ተቀጥላም፣ የኔ ካልሲም በዚህ እኩል ናቸው። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ (የኛ ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ ትንሽ ይዘገያል) ታገሺ አለችኝ። የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ የናንተን ሐኪማችሁ ይዘዝላችሁ፣ የኔን አትዋሱኝ።

ያን ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴን ያለ ሻሽ አይቻት አላውቅም። ቤት ውስጥም፣ ተኝታም ሻሽ ናት፤ ከፋብሪካው የቀረባት ልማድ ነው ብዬ አድጌያለሁ፤ ማሽን አጠገብ ፀጉር ፈቶ መሥራት አይቻልማ። ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ ሻሿን ፈታች። ግራና ቀኝዋ ከጆሮዋ በላይ እንደ ሳንቲም ያበራል። ሃያ ምናምን ዓመት ሹሩባዋን አጥብቃ፣ በላዩ ሻሹን አጥብቃ ስትሠራ አለቀ። «ከኋላ እንዳይጎድልብኝ ጥጥ ጠቅልዬ ከሻሹ ሥር አስገባ ነበር» አለችኝ። «አባትሽ ሳያውቅ ሞተ።»

«ሳያውቅ ነው? ወይስ እያወቀ ዝም ብሎሽ?» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩትም» አለች። ሻሿን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ለልጁ ደወልኩ። ቃሊቲ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን። ማኪያቶው ሳይመጣ ፀጉሬን ፈታሁና ካልሲውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ግንባሬንም ገልጬ አሳየሁት። አስተናጋጁ ማኪያቶውን ከካልሲው አጠገብ አስቀምጦ በፍጥነት ዞረ።

«ካልሲ መሆኑንማ ካወቅኩ ሦስት ወር አልፎኛል» አለኝ። «አንድ ቀን ነጭ መስመሯ ብቅ ብላ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? የቆጨኝ ካልሲው መሰለሽ? እጄን ስትመቺኝ ነው።»

ምን ይመለሳል?

አሁን ብር ማሰሪያ ላስቲክ ለብር ትቻለሁ። በጨርቅ የተሸፈነውን ሰፋ ያለ ላስቲክ ነው የማደርገው። የሱንም ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሮሚ ሬቭሰን የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ ላስቲክ ፀጉሯን እየበጣጠሰ ቢያስቸግራት ራሷ ሰፍታ ሞከረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የፈጠራ መብት አወጣችበት። የኔን እናቴ ከመጋረጃ ቁራጭ ትሰፋልኛለች፤ ሦስት አለኝ። ፀጉሬን ዝቅ አድርጌ ማጅራቴ አጠገብ ለቀቅ አድርጌ አስራለሁ፣ በማግስቱ ቦታ እቀይራለሁ፣ ስተኛ እፈታለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ጨርሶ አላስረውም። ካልሲው አልቀረም፤ ድግስ ሲኖር ይወጣል፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት አያልፍም። ግንባሬ ዳር እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ነገር ጀምሯል። ግራው ከቀኙ ይፈጥናል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው እሑድ መጡ። ጠዋት ቡናው ሳይቆላ እናቴ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። «ያቺን ካልሲ ለኔም አድርጊልኝ፤ ሳታጠብቂ» አለችኝ። ሽበቷን በእጄ ጣት አበጠርኩት፣ ትንሽዬ ካልሲ ቆረጥኩ፣ ማጅራቷ ላይ ለቀቅ አድርጌ ጠቀለልኩላት። ነጠላዋን ከኋላ ጣል አድርጋ፣ ያለ ሻሽ ወጣች። ምርቃት ተጀምሮ፣ ቡና ስንቀዳ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ጎን ላሉት ዘንበል ብለው «ለካ ከእናቷ ወርሳ ነው፤ እናትየውም ፀጉራም ናቸው!» ሲሉ ሰማናቸው። እናቴ አየችኝ፣ አየኋት፤ ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።